ስምንተኛው ልጅ «አልነበረም» ላላችሁት

ለዘጠነኛ ፎቅ አሳታሚ
የታሪክ ማጽኛ ቦርድ
ለተከበሩ ሰብሳቢ
አዲስ አበባ

እጅግ የተከበሩ የቦርድ ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቦርድዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ደም ግፊትዎ ሁሉም ደህና ነው? ሊፍቱስ ይሠራል? እኛ እዚህ ሆሳዕና ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና አለን፤ መሬት ላይ ስለምንኖር መብራት ሲጠፋም መሐል ላይ ተንጠልጥለን አንቀርም። በተለይ ግን ለዓይንዎ ጤና አጥብቄ እጸልያለሁ። ከአካልዎ ሁሉ ዓይንዎን ለምን እንደመረጥኩ ወደ ታች ሲያነቡ ይደርሱበታል፣ እስከ ታች ካነበቡ።

ማቲዎስ አበራ እባላለሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ ጎሚስታ ነኝ። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ትምህርቴን ሰዎች ጎማቸው እስኪለጠፍ ሲጠብቁ ረስተውት በሚሄዱት ጋዜጣና መጽሐፍ ጨርሼዋለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን አስተርጓሚ ነኝ። እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ በሀዲይኛ እከተለዋለሁ፤ እሱ ይላል፣ እኔ እላለሁ፤ እሱ እጁን ሲያነሳ እኔም አነሳለሁ። ከራሴ አንዲት ቃል አልጨምርም። ይህችን ይያዙልኝ።

ደብዳቤውን እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያነበው ስለምለጥፈው፣ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። «የሩቅ ደጅ» ቅዳሜ ከሰዓት በሬዲዮ ይተላለፍ የነበረ የጠፈር ድራማ ነው። ቀላይ የምትባል ፕላኔት ውኃዋ ይደርቃል፤ ሕዝቧ በመርከብ ይሰደዳል፤ ሰማይ ላይ ደግሞ ወደ ሌላ ዓለም የሚያሻግር አንድ ትልቅ ደጅ አለ። ድራማው ስለ ካፒቴኖችና ስለ ጦርነት ነው። ክፍል ሠላሳ አንድ ላይ ግን አንዱ ካፒቴን እግረ መንገዱን «ልጆቹንማ በደጁ አስወጥተናቸዋል» ይላል። በቃ። የማን ልጆች፣ ስንት ልጆች፣ የት ደረሱ፣ ድራማው ተመልሶ አላነሳቸውም። ካፒቴኑ ሥራ ነበረበት።

ደራሲዋ ሰሎሜ ተረፈ አሥራ አንድ ልቦለድ የጻፈችው ከዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ተነስታ ነው፣ ያውም በእናንተው ፈቃድ፣ በእናንተው ማተሚያ። ልጆቹ ስምንት ናቸው አለች። ለስምንቱም ስም አወጣችላቸው። ሌዋን የሚባል ሽማግሌ የደጅ ጠባቂ አደረገችላቸው። በሩን በገዛ እጁ የከፈተላቸው እሱ ነው። ከወጡ በኋላ የስምንቱንም ስም በበሩ ጀርባ ላይ በምስማር ጫረው፤ ከዚያ ዓለም ሁሉ ሲረሳቸው እሱ ብቻውን ለሚመጣው መርከብም ለሚሄደው መርከብም «አይታችኋቸዋል?» እያለ ይጠይቃል። በአሥራ አንዱ ቅጽ ውስጥ የሰባቱ ወሬ ተራ በተራ ደረሰው። አንዷ አግብታለች፣ አንዱ ስሙን ቀይሯል፣ አንዱ ሞቷል። ሚሮን የሚባለው የስምንተኛው ልጅ ወሬ በቅጽ አሥራ ሁለት ይመጣል ተብሎ ለመስቀል ቀጠሮ ያዛችሁልን።

ሰኔ ላይ ግን በቴሌግራም ቻናላችሁ የሚከተለው ወጣ፤ አንድ ቃል ሳላጎድል እደግመዋለሁ፣ ሙያዬ ነውና። «የሩቅ ደጅ ዓለም በቴሌቪዥን ወደ አዲስ ምዕራፍ እየተሸጋገረ ስለሆነ፣ እስካሁን የታተሙት አሥራ አንድ ልቦለዶች ከይፋዊው ታሪክ ውጭ መሆናቸውን፣ በውስጣቸው የተጠቀሱት ሰዎችና ድርጊቶችም እንዳልነበሩ የሚቆጠሩ መሆኑን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን።»

ክቡር ሆይ፣ ከቅሬታዬ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎረቤት ቀድሞ እንዲያውቅ ይደረጋል፤ ማለዳ ሰውየው ወደ ሥራው ሳይወጣ ይኬዳል፤ ሲሰማ እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ይቆማል። እናንተ ይህን ሁሉ ድካም አስቀርታችሁ በአንድ የሮኬት ሥዕልና በሦስት የጭብጨባ ምልክት ነገራችሁን። ለቅልጥፍናችሁ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። «በታላቅ ደስታ» የምትለዋ ደግሞ የራሳችሁ ፈጠራ ናት፤ እስከ ዛሬ ከመርዶ ነጋሪ ሰምተናት አናውቅም።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ እገባለሁ።

አንደኛ። ልቦለዶቹ እንከን አለባቸው ብላችሁ ከሆነ፣ እኛን ብትጠይቁን ኖሮ እናንተ ያላያችሁትን እንከን በጆንያ እንልክላችሁ ነበር። እንደ እኛ ያለ ቂመኛ አንባቢ የለም። መናኸሪያው ውስጥ ትኬት የሚቆርጠው ጥላዬ፣ ከቀላይ እስከ ደጁ በቅጽ ሦስት ሁለት ቀን፣ በቅጽ አምስት ዘጠኝ ቀን መሆኑን ደርሶበት፣ «ይሄ ምን ዓይነት መስመር ነው? ስምሪት የለውም እንዴ?» እያለ አንድ ክረምት ሙሉ ሲጮህ ነበር። በመጨረሻ አንድ የወልቂጤ ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «መንገዱ እየተሠራ ይሆናላ፣ አንተ ደግሞ!» ሲለው ነው ዝም ያለው።

የመናኸሪያው ካፌ ባለቤት ወይዘሮ ትርፊት በበኩሏ ቅጽ ሰባት ላይ ያለውን የሌዋንን ሠርግ ከካፌው ቅጂ ቀድዳ አውጥታዋለች። «ሌዋንን እኔ ነኝ የማውቀው፤ ስምንት ልጅ ጠፍቶበት ሙሽራ አይሆንም» ነው የምትለው። እዚያ ገጽ ላይ ደርሶ ግራ የገባው ሰው ከጓዳ ድምጿን ይሰማል፤ «እዚህ ጋ ምንም አልሆነም የኔ ልጅ፣ ዝለለው!» እውነቱን ለመናገር ታሪክ በመሰረዝ ከእናንተ ትቀድማለች። ልዩነቱ፣ እሷ የቀደደችው አራት ገጽ ብቻ ነው፤ አንብባ፣ አልቅሳ፣ ተናዳ ነው የቀደደችው፤ አራቱንም ገጽ ደግሞ አልጣለቻቸውም፣ ስኳር ዕቃው ሥር አጣጥፋ አስቀምጣቸዋለች። ተሳስቼ ከሆነስ ብላ ነው።

መጽሐፎቹ በሚኒባስ ፊት መስታወት ሥር ተቀምጠው ዶዮገና ድረስ ይሄዳሉ። እዚያ መምህርት ጵርስቅላ ትቀበላቸውና ሲመለሱ በጠርዛቸው ላይ እርሳስ በእርሳስ ሆነው ይመጣሉ። ቅጽ ስድስት ላይ አንዲት እናት ልጇን ስትሸኝ «ሂድ፣ ወደ ኋላ እንዳታይ» የምትልበት ቦታ አለ። ጵርስቅላ ጎኑ ላይ «እናት እንዲህ አትልም» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ የማናውቀው የሌላ ሰው እጅ ጽሕፈት አለ፣ «የኔ ብላለች» ይላል። እኔም ያቅሜን ተናግሬአለሁ፤ ቅጽ አራት እንቅልፍ ነው፣ ጎማ እየለጠፍኩ ሳነበው ማጣበቂያው ደርቆብኛል። ቅጽ ስምንትን ግን የነካብኝ ሰው ጎማውን ሌላ ቦታ ያስነፋ።

እንዲህ ተናክሰን ነው ያነበብነው። የምንናከሰው ስለነበሩ ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ። ባልነበረ ነገር ሰው ስድስት ዓመት አይጣላም።

ሁለተኛ። ባለ ሱቆች ያልተሸጡትን ቅጂዎች እንዲመልሱ፣ ወረቀታቸውም «ለሌላ አገልግሎት» እንደሚውል አዛችኋል። ስለዚህ ጉዳይ ጎረቤቴን ፈትሁዲንን ላስተዋውቅዎ። ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣል፣ መጽሐፎቹንም የሚያመጣልን እሱ ነው፤ ግን በዚህች ከተማ የልቦለዶቹ የመጀመሪያ ጠላት እሱ ነበር። ሬዲዮው ላይ ያልተባለ ነገር አይገባውም። «ሬዲዮው ሥር ነው፣ መጽሐፉ ቅርንጫፍ ነው፤ ካፒቴኑ ያላለውን ሴትየዋ ከየት አመጣችው?» እያለ ስንት ጊዜ አቃጥሎኛል። ማስታወቂያችሁ የወጣ ዕለት የድል አድራጊነት ንግግር ሊያደርግ ይመጣል ብዬ መዶሻ ይዤ ነበር የጠበቅኩት። ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግቶ መጣ፣ ከፊቴ ካለው የአይሱዙ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ፣ «ማቲዎስ፣ እኔ ቅርንጫፍ ነው አልኩ እንጂ ቁረጡት መቼ አልኩ?» አለኝ።

ወኪላችሁ መጽሐፎቹን ሊሰበስብ ሲመጣም ፈትሁዲን በታላቅ ትሕትና ነው ያስተናገደው። ወንበር ሰጥቶታል፣ ሻይ አስመጥቶለታል። «መጽሐፎቹስ?» ሲለው፣ «የትኞቹ መጽሐፎች? እንዳልነበሩ ይቆጠሩ አላላችሁም እንዴ ወንድሜ? ያልነበረ ዕቃ በምን ተሸክሜ ልመልስልህ?» ብሎ ሸኝቶታል። ወኪላችሁ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሻዩን ጨርሶ ሄዷል። የሚቀጣ ካለ ፈትሁዲንን ሳይሆን ሰዋችሁን አስተምራችሁ ያልላካችሁትን እናንተን ነው።

ሦስተኛውን ቅሬታ ለጊዜው ልዝለለው። ይከብደኛል። አራተኛውን ላስቀድም።

አራተኛ። ደራሲዋ ሰሎሜ ቅጽ አሥራ ሁለትን ጽፋ ጨርሳ በየካቲት እንዳስረከበቻችሁ በአንድ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ላይ ተናግራለች። ጋዜጠኛው «ስምንተኛው ልጅ ተገኘ?» ሲላት ሳቅ ብላ «መስቀል ይድረስ» አለች። እንግዲህ ወረቀቱ አለ ማለት ነው። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ በአንዱ መሳቢያ ውስጥ፣ ከእርስዎ ጉልበት በሁለት ክንድ ርቀት፣ ሚሮን የት እንደደረሰ ተጽፎ ተቀምጧል። እርስዎ በየቀኑ እዚያ መሳቢያ አጠገብ ምሳዎን ይበላሉ። መልካም ምግብ ይሁንልዎ። በአዲሱ የቴሌቪዥን ሥራ ደጁ በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ሆኗልም ሲባል ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ። ከፋች የለ፣ ጠባቂ የለ፣ «አይታችኋቸዋል?» ብሎ መርከብ የሚያስቆም ነዝናዛ ሽማግሌ የለ። ትራፊኩ ይፈጥናል።

እሺ፤ ሦስተኛ።

አባቴ አቶ አበራ በሞርሲቶ በኩል ገበሬ ነበር። አሁን ሁለቱንም ዓይኑን ግላኮማ ስለወሰደው ከኔ ጋር ነው የሚኖረው። ቲቶ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። ነበረኝ ልበል አለኝ ልበል፣ ይህንኑ ነው የማላውቀው። የዛሬ ስድስት ዓመት እንደ አካባቢያችን ልጆች ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ተነሳ። አትሂድ ብዬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሻንጣውን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ የሸኘው አባቴ ነው። ልጁ መስኮት በኩል ከተቀመጠ በኋላ የአውቶቡሱን በር ከውጭ ገፍቶ የዘጋውም አባቴ ነው፤ ረዳቱ ትኬት እየቆጠረ ስለነበር። ያኔ ዓይኑ ያይ ነበር።

ቲቶ ከሞያሌ ደወለ። ከናይሮቢ ደወለ። ከዚያ አንድ ቀን ከማላዊ ደውሎ፣ «አባባ፣ ነገ እንሻገራለን፤ ደርሼ እደውላለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ነግሬዎት ጨርሻለሁ፤ ምንም የለም። አብረውት የወጡት ሁለቱ ደርሰዋል፣ ሱቅ አላቸው፤ «ጫካ ውስጥ ሲመሽ ተለያየን» ነው የሚሉት። ለቅሶ እንዳንቀመጥ መርዶ የነገረን የለም። ደስ እንዳይለን የደወለ የለም። ዕድራችን እንኳ ግራ ገብቶታል፤ ድንኳን ይተከል ወይስ አይተከል የሚል ነገር ሲነሳ ዳኛው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋል። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ቤት የኛ ብቻ አይደለም። በየቀበሌው አለ።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቅጽ አንድን ሳነብ አባቴ የገጽ ድምፅ ሰማ።

«ምንድን ነው የምታነበው?»

«ስለ ሰማይ ነው፣ አባባ።»

«ስለ የትኛው ሰማይ?»

«ስለሌለ ሰማይ።»

«ጥሩ፤ ስላለውማ ጠዋት ሰማን። በል አንብብ።»

አባቴ አማርኛ ይሰማል። ግን ስድሳ ዓመት ስብከት የሰማው በአስተርጓሚ ነውና፣ ነገር ሁለቴ ካልመጣለት ሆዱ አይገባም። ስለዚህ ልክ እንደ መድረኩ አደረግነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አነብለታለሁ፣ ከዚያ በሀዲይኛ እደግምለታለሁ፤ አነባለሁ፣ እደግማለሁ። በዚህ ዓይነት አሥራ አንድ ቅጽ ጨረስን። ዓመታት ነው የፈጀብን። እናንተ በአንድ ከሰዓት ሰረዛችሁት፤ ኮምፒውተር ጥሩ ነገር ነው።

አባቴም እንደ ማንኛውም አንባቢ አስተያየት ነበረው። ሌዋን መርከቦቹን ተለማምጦ መጠየቁን አይወድለትም ነበር። «በሩ በእጁ አይደለም እንዴ? ዘግቶ ነው መጠየቅ ያለበት!» ይላል። «ምስማሩን ከየት አገኘው?» ብሎ ሁለት ሳምንት አስጨንቆኛል። ሌዋን በሩን ስለ መክፈቱ ራሱን የሚወቅስበት ቦታ ሲመጣ ግን አስተያየት አልነበረውም፤ «ዝለለው» ይለኛል፣ ልዘል ስል ደግሞ «አይ፣ አንብበው» ይላል። በእነዚያ ሁሉ እሁዶች የቲቶን ስም አንድ ቀን አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቅጽ ዘጠኝ ላይ፣ የአምስተኛው ልጅ መርዶ በአንድ የጨው ጫኝ መርከብ በኩል ለሌዋን ሲደርሰው፣ አባቴ «ቢያንስ ሰማ» አለ።

ክቡር ሆይ፣ ቦርዳችሁ ስንት ዲግሪ እንዳለው አላውቅም። በአሥራ አንዱም መጽሐፍ ላይ ከነዚህ ከሁለቱ ቃላት የሚበልጥ ሂስ ካላችሁ ላኩልኝና ልማርበት።

የሰኔውን ማስታወቂያ ለአባቴ አልነገርኩትም። መስቀል፣ እኛ ያሆዴ የምንለው፣ ደረሰ። እርስዎ አዲስ አበባ ስለሆኑ ላያውቁት ይችላሉ፤ ያን ሰሞን በዚህ አገር ከቤቱ ርቆ የቀረ ሰው የለም። መናኸሪያው መቆሚያ አይኖረውም፤ እኔ ራሴ ጎማ ስነፋ እጄ ይላጣል። ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል። አባቴ በራፍ ላይ ተቀምጦ የአውቶቡስ ጥሩንባ ሲሰማ ፊቱን ወደዚያ እያዞረ ሰነበተ። በዓሉ ባለፈ በመጀመሪያው እሁድ፣ «መጽሐፉ መጣ?» አለኝ።

«መጣ» አልኩት።

ዋሸሁ። ገብቼ የኮምፕረሰሩን መመሪያ መጽሐፍ ይዤ ወጣሁ፤ ውፍረቱ ይመሳሰላል። አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ገለጥኩት፣ ጀመርኩ። ሌዋን በበሩ አጠገብ እንደተቀመጠ አንድ አሮጌ መርከብ መጣ፤ ከመርከቡ አንድ ጎልማሳ ወረደ፤ ጎልማሳው ወደ በሩ ጀርባ ሄዶ ስሞቹን በጣቱ ይዳብስ ጀመር... መናኸሪያው ሁሉ አፌን ያውቃል፣ ያለ እኔ ጨዋታ የለም። ያን ቀን ደግሞ ተሳካልኝ። እየነደድኩ ነው ያወራሁት። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄድኩ አባቴ እጁን አነሳ።

«አንተ ማቲዎስ፣ ሰባኪው ዛሬ የት ሄደ? አስተርጓሚው ብቻውን ነው እኮ የሚያወራው።»

አማርኛውን ረስቼው ነበር፣ ክቡር ሰብሳቢ። በቀጥታ በሀዲይኛ ነበር የማወራው። የሚነበብ ስለሌለ፣ ትርጉሙን ብቻ እናገር ነበር። ከኔ በላይ ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው በዚህ ከተማ የለም፣ ሌላ ሰው የማይሠራው ስህተት ሠራሁ።

መመሪያውን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኩት። ማስታወቂያውን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በሀዲይኛ፣ እንደ ሥርዓቱ።

«ሰባቱም?» አለኝ።

«ሰባቱም፣ አባባ።»

«ያ የሞተው ልጅስ? አልሞተም ማለት ነው?»

«አልነበረም ነው የሚሉት።»

«እንደሱ አይባልም» አለ አባቴ። የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የገበያ ሰው ሚዛን ሲያስተካክል እንደሚናገረው ነው የተናገረው። «ሞተ ይባላል። ጠፋ ይባላል። ወሬው አልደረሰንም ይባላል። ስም ለወጣለት ልጅ አልነበረም አይባልም።» ከዚያ ፊቱን ወደኔ አዙሮ፣ «በል የጀመርከውን ጨርስ፤ ያ ከመርከቡ የወረደው ልጅ ማነው?» አለኝ።

እኔ ማቲዎስ፣ ሾፌር የምረታው፣ ደላላ ዝም የማሰኘው፣ አፌ ከዳኝ። ሚሮን ነው ልበለው? ሚሮን ነው ካልኩት ነገ ጥሩንባ በሰማ ቁጥር ይነሳል። አይደለም ልበለው? በማን ሥልጣን? እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ከፊቴ የሚናገር ሰው ከሌለ የምለው የለኝም። አባቴ ጠበቀኝ፤ ጠበቀኝና በመጨረሻ ጉልበቴን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ «ግድ የለም፣ ሲደርስህ ትነግረኛለህ» አለኝ። እኔን ነው ያጽናናው።

እንግዲህ ልመናዬ አንዲት ናት፤ ለቦርድም የምትከብድ አይደለችም። መሳቢያውን ይክፈቱልን። ቅጽ አሥራ ሁለት ይታተም። ይፋዊ አይሁን፣ እውነተኛ አይሁን፣ ሽፋኑ ላይ «ይህ መጽሐፍ አልተጻፈም» ብላችሁ ማኅተም ምቱበት፣ ግድ የለንም። መጥፎ ቢሆንም እንቀበላለን፤ ቅጽ አራትን የተሸከምን ሰዎች ነን። ሚሮን ሞቶ ቢሆንም እንቀበላለን። ሞተ የሚል ዓረፍተ ነገር ከሆነም ላኩልኝ፣ በአማርኛ አነበዋለሁ፣ በሀዲይኛ እደግመዋለሁ፣ ግራና ቀኝ የሚይዙትን ሰዎች እኔ አዘጋጃለሁ፤ ፈትሁዲን አንዱ ነው፣ ነግሬዋለሁ።

ይህም ካልሆነ፣ ከማስታወቂያችሁ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ቀይሩልን። «እንዳልነበሩ» የሚለውን አውጡና «ወሬያቸው እንዳልደረሰን» በሉበት። በቴሌግራም ማስተካከያ ቁልፍ አለው፤ ካላገኙት ጥላዬ በስልክ ያሳይዎታል።

ከዘጠነኛ ፎቅ ወደ እኛ ወርደው ማየት ባይችሉም የኛ ድምፅ ወደ ላይ ለመውጣት ሊፍት እንደማያስፈልገው በማመን፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ልጆች ካሉዎት ለልጆችዎ፣ የወጡበት በር ተመልሰው የሚገቡበት እንዲሆንላቸው እየተመኘሁ፣ ከነማጣበቂያ እጄ በአክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ያልነበሩ ሰዎች አንባቢ፣
ማቲዎስ አበራ
ጎሚስታና አስተርጓሚ
ሆሳዕና፣ ከመናኸሪያው ጀርባ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት አባቴ ምስማር አምጣልኝ አለኝ፤ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ሳልጠይቅ ከሥራ ሣጥኔ ሰጠሁት። ከሥራ ስመለስ የቤታችን በር ጀርባ ላይ ሁለት ስም ተጭሮ አገኘሁ። በዳበሳ ስለሆነ ፊደሉ አንዱ አንዱ ላይ ወጥቷል፤ ግን ይነበባል። የላይኛው ሚሮን ይላል። የታችኛው የኛው ልጅ ነው። ቦርዱ ይፋዊ ያልሆኑ ስሞችን መሰረዙን የሚቀጥል ከሆነ በራችን አይቆለፍም፣ መጥታችሁ ሰርዙ። ግን በራፉ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ እግራችሁን ሲሰማ «አይታችኋቸዋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እባካችሁ መልስ ይዛችሁ ኑ።